ከ3.4 ወደ 4.2፦ የአንድ አሮጌ ፕሮሰሰር የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ውስጡ ያለው የኢንቴል ኮር አይ 5-2500ኬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ገበያ ላይ የዋለ፣ ባለ አራት ኮር፣ መደበኛ ፍጥነቱ 3.3 ጊጋኸርዝ የሆነ ፕሮሰሰር። የተቀመጠበት ማዘርቦርድ ዜድ 77 ቺፕሴት አለው። ኦቨርክሎኪንግን፣ ማለትም ፕሮሰሰርን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራትን፣ ለሚጀምር ሰው ከእነዚህ ሁለቱ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም። በስሙ መጨረሻ ያለችው «ኬ» የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚወስነው ማባዣ እንዳልተቆለፈ ትናገራለች፤ ዜድ 77 ደግሞ ያንን ማባዣ ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ገብቶ ለመለወጥ ይፈቅዳል። አንዱ ከጎደለ ሌላው አይረባም። ያገለገሉ ተብለው የሚሸጡት የቢሮ ኮምፒውተሮች በአብዛኛው ሁለቱንም ስለሌላቸው፣ በእነሱ ላይ ይህን ልሞክር የሚል ሰው ከወዲሁ ይተወው።

ባለቤቱ የአክስቴ ልጅ ነው። የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብራል፤ ቪዲዮው ተዘጋጅቶ እስኪወጣ መጠበቅ አሰልችቶታል። «ቢቃጠል አንተ ነህ የምትገዛልኝ» ብሎ ሲሰጠኝ ሌላም ቅሬታ አከለበት፦ ሲፒዩ-ዜድ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍቶ ሲያይ 1.6 ጊጋኸርዝ ብቻ አነበበ። «3.3 ብለው ግማሹን ሸጡልኝ» ይላል።

ማንም አላታለለውም። ይህ ፕሮሰሰር የሚሠራው ሥራ ሲያጣ ማባዣውን በራሱ ወደ 16 ያወርዳል። ማዘርቦርዱ 100 ሜጋኸርዝ የሆነ መነሻ ምት ይሰጠዋል፤ ፕሮሰሰሩ ያንን በማባዣው ያበዛል፤ 100 በ16 ሲባዛ 1,600 ሜጋኸርዝ ይሆናል። ከባድ ሥራ ሰጠሁትና ቁጥሩን እያሳየሁት ወዲያው ወደ 3.4 ዘለለ። አራቱም ኮሮች ሲሠሩ 3.4፣ ሦስቱ ሲሠሩ 3.5፣ ሁለቱ 3.6፣ አንዱ ብቻ ሲሠራ እስከ 3.7 ይደርሳል፤ ቱርቦ የሚሉት ይህንን ነው። ስለዚህ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው 3.3 ይህ ማሽን በተግባር እምብዛም የማይቆምበት ቁጥር ነው። የእኔ መነሻ 3.4 ይሆናል፤ ቪዲዮ ሲወጣ አራቱም ኮሮች ስለሚሠሩ።

ለአክስቴ ልጅ ክሎክ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሽማኔ አነሣሁለት። ሽማኔው በእግሩ ድሩን ይከፍትና መወርወሪያውን ከዳር ወደ ዳር ይልካል። መወርወሪያው ማዶ ሳይደርስ እግሩን ከቀየረ ድሩ ይዘጋበትና ሥራው ይበላሻል። በፕሮሰሰሩ ውስጥም ምልክቱ ከአንድ ማቆያ ተነሥቶ፣ በተደረደሩ ትራንዚስተሮች አልፎ፣ ቀጣዩ ምት ሳይመታ ወደሚቀጥለው ማቆያ መድረስ አለበት። የክሎኩን ጣሪያ የሚወስነው ከሁሉም ረጅሙና ዘገምተኛው መንገድ ነው። በ3.4 ጊጋኸርዝ አንድ ምት 0.29 ናኖሴኮንድ ብቻ ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ብርሃን እንኳ ባዶ ቦታ ላይ የሚጓዘው 9 ሴንቲሜትር አይሞላም። ቮልቴጅ ሲጨመር ትራንዚስተሮቹ ፈጥነው ይቀያየራሉ፤ መወርወሪያው በበለጠ ጉልበት ተወረወረ ማለት ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው ሥራ ሁሉ በእግሩና በእጁ መካከል የሚደረግ ድርድር ነው።

ቅዳሜ ምሽት

ምንም ሳልነካ መለካት ጀመርኩ። ፕራይም 95ን ጫንኩና «ትንንሽ ኤፍኤፍቲ» የሚለውን ፈተና አስነሣሁ። ፕሮግራሙ የተሠራው ለሌላ ዓላማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረ፣ መርሴን የሚባሉትን ግዙፍ ዋና ቁጥሮች በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተር የሚያስስ ፕሮጀክት አለ፤ ይህም የእሱ መሣሪያ ነው። ስሌቱ ቅንጣት ስሕተት ስለማይታገሥ የኦቨርክሎኪንግ ሰዎች ማሽን መፈተኛ አደረጉት። ትንንሹ ኤፍኤፍቲ መረጃው በፕሮሰሰሩ የውስጥ ማኅደር ስለሚያልቅ ራም እስኪመልስ አይጠብቅም፤ ሙቀቱን እስከ ጥግ ያወጣዋል።

ከፕሮሰሰሩ ጋር በመጣው ትንሽ አሉሚኒየም ማቀዝቀዣ 84 ዲግሪ ሴልሲየስ አነበብኩ። ያውም ምንም ሳይጨመርበት። ይህ ፕሮሰሰር 98 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በ14 ዲግሪ ልዩነት ላይ ምንም አይገነባም።

ማቀዝቀዣውን ስነቅለው የሙቀት ማስተላለፊያው ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። በጣቴ ስነካው ተፈረካከሰ። በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ያለው አቧራ ደግሞ ታምቆ ጨርቅ መስሏል፤ በመቆንጠጫ ይዤ ስጎትተው አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ። በአልኮል የራሰ ለስላሳ ጨርቅ ሁለቱንም ገጽ እስኪያብረቀርቅ ጠረግሁ። አዲሱን ቅባት መካከል ላይ የአተር ፍሬ ያህል ብቻ አድርጌ ትልቁን፣ የመዳብ ቱቦዎችና ባለ 120 ሚሊሜትር ማራገቢያ ያለውን ማቀዝቀዣ አሰርኩ። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ እያንዳንዱን ትንሽ ትንሽ እያጠበቁ መሄድ ነው፤ አንዱን ጥግ ጨርሶ ማጥበቅ ቅባቱን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል።

ያው ፈተና፣ ያው ፍጥነት፦ 58 ዲግሪ። ክፍሉ 21 ነው። ኦቨርክሎክ የማድረግ ሐሳብ የሌለው ሰው እንኳ ከዚህ ማስታወሻ አንድ ነገር ልውሰድ ቢል ይህንን ይውሰድ።

እሑድ

የመነሻ መለኪያዎች። የአክስቴ ልጅ ከሠራቸው የሰርግ ቪዲዮዎች አንዱን ወሰድኩና ሀንድብሬክ በሚባል የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቅንብር እንዲወጣ አደረግሁ። በ3.4 ጊጋኸርዝ 21 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ። በሥራ ላይ የፕሮሰሰሩ ቮልቴጅ 1.19፤ በሶኬቱ ላይ የሰካሁት የኃይል መለኪያ ለመላው ኮምፒውተር 118 ዋት ያሳያል። እነዚህ ቁጥሮች ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል።

ከዚያ መነሻ ምቱን ለመቀየር ሞከርኩ፤ እንደማያዋጣ ባውቅም በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ድሮ መንገዱ ይህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሴለሮን 300ኤ የተሠራው 66 ሜጋኸርዝ በ4.5 ተባዝቶ 300 እንዲሆን ነበር፤ ማባዣው ተቆልፎ ሳለ ሰዎች መነሻውን 100 እያደረጉ በርካሽ ዋጋ የገዙትን በ450 ያሠሩት ነበር። ብዙ ሰው ኦቨርክሎኪንግን ያወቀው በዚያ ፕሮሰሰር ነው። በ2011ዱ ትውልድ ግን ያች 100 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰሩን ብቻ አይደለም የምትመራው፤ የፒሲአይ ኤክስፕረስ (እንደ ግራፊክስ ካርድ ያሉት የሚሰኩበት) እና የዲስክ መስመሮችም ከእሷ ጋር ታስረዋል። 103 ላይ ሁሉም ደህና ነበር። 106 ሳደርገው ባዮስ ሃርድ ዲስኩን ጨርሶ አላየውም። ወደ 100 መለስኩት፤ ከእንግዲህ አልነካውም።

ማክሰኞ ምሽት

አሁን ማባዣው። 38 አደረግሁት፣ ቮልቴጁን ሳልነካ። ተነሣ፣ ተፈተነ፣ አለፈ። 40ም እንዲሁ። ፋብሪካው ለሁሉም የሚበቃ ትርፍ ቮልቴጅ ስለሚሰጥ የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች በነፃ የሚገኙ ናቸው። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ፕሮሰሰሮች እርስ በርስ አይመሳሰሉም፤ የአክስቴ ልጅ ጓደኛ «የእኔ 4.8 ይሄዳል» ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህኛው ግን ምንም አይነግረንም።

42 ላይ ፈተናው ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ከአራቱ ኮሮች በአንዱ ላይ ቆመ። «የማጠጋጋት ስሕተቱ 0.5 ነው፤ ከ0.4 ማነስ ነበረበት» የሚል ቀይ መስመር ጥሎ ሄደ። ስክሪኑ አልጠፋም፣ ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ሙዚቃው ይጫወታል። ጀማሪ ሊያጤነው የሚገባው አስፈሪ ነገር ይህ ነው፦ ያልተረጋጋ ፕሮሰሰር ሁልጊዜ አይወድቅም፤ አንዳንዴ ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። በሰርግ ቪዲዮ ላይ አንድ የተዛባ ፍሬም ይሆናል፤ በሒሳብ ሰነድ ላይ ከሆነ ግን ማንም ሳያውቅ ተቀምጦ ይቀራል። «ዊንዶውስ ተነሣልኝ፤ ስለዚህ ይሠራል» የሚል ሰው ምንም አልፈተነም።

ቮልቴጁን ከባዮስ በቋሚነት 1.28 አድርጌ ጻፍኩ። ሥራ ሲፈታ 1.27 ያነባል፤ ፈተናው ሲጀምር ወደ 1.24 ይወርዳል። መውረዱ ብልሽት አይደለም፤ ጭነት ሲመጣ ቮልቴጁ ዝቅ እንዲል ሆን ተብሎ ነው የተነደፈው፤ ጭነቱ ድንገት ሲነሣ ወደ ላይ የሚፈናጠረው ቮልቴጅ ፕሮሰሰሩን እንዳይጎዳ። በባዮስ ውስጥ ይህን መውረድ የሚቀንስ ምርጫ አለ፤ ብዙዎች እስከ መጨረሻው ከፍ ያደርጉታል። እኔ መካከለኛው ላይ ተውኩት። ቁም ነገሩ ባዮስ ላይ የጻፉትን ሳይሆን በጭነት ጊዜ የሚነበበውን መመዝገብ ነው።

ፈተናው በሰላም እየሄደ ሳለ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ዩፒኤሱ እየጮኸ ጥቂት ደቂቃ ይዞልኝ ስለነበር ፈተናውን አቁሜ በሥርዓት አጠፋሁት። የባዮስ ቅንብር መቀየር መብራት ቢጠፋበትም የሚከፋ ጉዳት የለውም፤ የባዮሱን ፕሮግራም ራሱን ማደስ ግን ሌላ ነው፤ መካከል ላይ ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ላይነሣ ይችላል። ያንን ያለ ዩፒኤስ እዚህ ከተማ ውስጥ የሚያደርግ ሰው ልቡ ደፋር ነው።

ረቡዕ

4.2 በ1.24 ቮልት ሌሊቱን ሙሉ ተፈትኖ አደረ። ስሕተት የለም። ከፍተኛው ሙቀት 71 ዲግሪ፣ ከሶኬቱ 144 ዋት። ቪዲዮው በ17 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ወጣ። ክሎኩ በ23.5 በመቶ አድጎ ጊዜው ግን በ17 በመቶ ገደማ አጠረ። ማባዣው ብቻውን ቢወስን ኖሮ በ17 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ማለቅ ነበረበት፤ የቀረው 22 ሴኮንድ ሌላ ቦታ ተበልቷል፤ ራሙን እጠረጥራለሁ።

የሙቀቱ ነገር አሳሰበኝ። ይህንኑ ማቀዝቀዣ ከዚሁ ፕሮሰሰር ጋር የፈተኑ ሰዎች ያገኙት ቁጥር ከእኔ በጥቂት ዲግሪ ያንሳል፤ ክፍላቸው ከእኔ ክፍል የሞቀ ሆኖ እንኳ። ምክንያቱን ሳስብ አዲስ አበባ ትዝ አለችኝ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያ የሚገፋው አየር በመጠን ያው ነው፤ በክብደት ግን ያነሰ ነው፤ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ ክብደቱ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ የተለካ የማቀዝቀዣ ውጤት እዚህ እንዳለ አይገኝም።

ሁለት ነገር ሞከርኩ። ማራገቢያውን በደቂቃ ከ1,100 ዙር ወደ 1,500 ከፍ አደረግሁት፤ ሙቀቱ በ4 ዲግሪ ወረደ፤ ድምፁ ግን ተሰማ። ከዚያ ወደ ቀድሞው መልሼ፣ ሲመሽ መስኮቱን ከፈትኩ። ክፍሉ በ5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ፕሮሰሰሩም በዚያው መጠን ቀዘቀዘ። ከፍታችን የወሰደብንን ብርዳችን በከፊል ይመልሰዋል። ድሬዳዋ ወይም ጅቡቲ ላለ ሰው አየሩ ከእኛ ይልቅ የወፈረ ነው፤ ነገር ግን የክፍሉ ሙቀት ሂሳቡን ያፈርስበታል።

ዓርብ ምሽት

የአክስቴ ልጅ መጣ። ቁጥሩ 4.5 እንዲሆን ይፈልጋል፤ ይህ ፕሮሰሰር በመልካም የአየር ማቀዝቀዣ 4.5 ይደርሳል ሲባል ሰምቷል። እውነትም ብዙዎቹ ይደርሳሉ። አብረን ሞከርን።

በጭነት 1.30 ቮልት ሲሆን ሰማያዊው ስክሪን መጣ፤ በዚህ የፕሮሰሰር ትውልድ ላይ ኮዱ 124 ከሆነ በአብዛኛው የቮልቴጅ ጥያቄ ነው። 1.32 ላይ ትንሽ ቆይቶ ያው። 1.34 ላይ አለፈ። ሙቀት 83፣ ከሶኬት 170 ዋት። ቪዲዮው በ16 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ወጣ። 47ን ስንሞክር ማራገቢያዎቹ ብቻ ዞሩ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ ማዘርቦርዱ አጥፍቶ አብርቶ በራሱ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ተመለሰ። ባይመለስ ኖሮ መብራቱን ነቅሎ ክቧን ባትሪ ለጥቂት ጊዜ ማውጣት ይበቃል።

ከዚያ ወረቀት አውጥተን ተቀመጥን። ትራንዚስተሮች ሲቀያየሩ የሚበሉት ኃይል ከክሎኩ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው። ከ3.4 ወደ 4.2 ስንሄድ ክሎኩ 1.235 ጊዜ፣ ቮልቴጁ 1.04 ጊዜ አደገ፤ የቮልቴጁን ካሬ ወስደን ብናባዛ ኃይሉ በ34 በመቶ ጨመረ። ከ3.4 ወደ 4.5 ከሆነ ጭማሪው 68 በመቶ ይሆናል። ቴርሞሜትሩም ይህንኑ ነው የሚመሰክረው፦ ከክፍሉ በላይ 37 የነበረው 50፣ ከዚያም 62 ሆኗል። የመጀመሪያው 34 በመቶ 3 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ገዛልን። ሁለተኛው 34 በመቶ የገዛልን አንድ ደቂቃ ብቻ ነው።

የኮምፒውተር ኢንዱስትሪው ራሱ የገጨው ግንብ ይህ ነው። የኢንቴል የመጀመሪያው ማይክሮፕሮሰሰር 4004 እ.ኤ.አ. በ1971 በ740 ኪሎኸርዝ ይሠራ ነበር፤ የአይቢኤም ፒሲ በ1981 በ4.77 ሜጋኸርዝ፤ በ2000 አንድ ጊጋኸርዝ ታለፈ፤ በ2004 ፔንቲየም 4 በ3.8 ደረሰና እዚያው ቀረ። ባለ 4 ጊጋኸርዙ ታቅዶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ተሰረዘ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ኮር 2 ዱዎ ኢ6600 በ2.4 ጊጋኸርዝ እየሠራ ያንን 3.8 ጥሎት ሄደ፤ በአንድ ምት የሚሠራው ሥራ እጅግ የበለጠ ስለነበር። ስለዚህ የሁለት የተለያዩ ትውልዶችን ጊጋኸርዝ ማወዳደር ትርጉም የለውም፤ «ኮር አይ 5 ነው፣ 3 ነጥብ ምናምን ነው» ብሎ ትውልዱን ሳይጠቅስ የሚሸጥ ነጋዴም ምንም አልነገረኝም።

ቮልቴጅ ሌላም ዋጋ አለው፤ ዛሬ የማይታይ። ከፍ ያለ ቮልቴጅና ሙቀት ትራንዚስተሮቹን ቀስ በቀስ ያዳክማሉ፤ ትናንት በ1.34 ያለፈው ከዓመት በኋላ 1.36 ሊጠይቅ ይችላል። ይህ የአማተሮች ችግር ብቻ እንዳይመስል፦ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ሲጠይቁ ቆይተው መረጋጋት እንዳጡ አምኖ፣ ማስተካከያ ሶፍትዌር አውጥቶ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል። አዳዲሶቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ጥጋቸው አጠገብ ደርሰው ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ኮር አይ 9-14900ኬኤስ ያለ ማንም እጅ በቱርቦ 6.2 ጊጋኸርዝ ይነካል። በእነሱ ላይ ኦቨርክሎክ የማድረግ ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ እንዲያውም ቮልቴጅ መቀነስ የተሻለ ያተርፋል። ለመማር አሮጌውን የመረጥኩት ለዚህም ነው፤ እዚህ ፋብሪካው የተወልን ነገር አለ።

«4.5 ሲሠራ በዓይኔ አይቼ 4.2 ትሰጠኛለህ?» አለኝ። አዎን።

ቅዳሜ

ራሙን በተመለከተ ጥርጣሬዬ ትክክል ነበር። ራሞቹ ለ1,600 የተሠሩ ሲሆኑ ባዮስ በነባሪው 1,333 ላይ አስቀምጧቸው ኖሯል። ራሙን በተሠራበት ፍጥነት የሚያሠራውን፣ ኤክስኤምፒ የሚለውን ምርጫ አበራሁ፤ ፕሮሰሰሩ ባለበት 4.2 ሆኖ ቪዲዮው ወደ 17 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ወረደ። አንድም ተጨማሪ ዲግሪ ሳይጠይቅ 18 ሴኮንድ። ራሙን በሜምቴስት ለብቻው ፈተንኩት፤ ንጹሕ ነው።

ሥራ ሲፈታ ወደ 1.6 መውረዱን ሳላጠፋ ትቼዋለሁ። አንዳንድ መመሪያዎች «ለመረጋጋት» ብለው ያስጠፉታል፤ እዚህ ምንም አላስቸገረኝም፤ ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ሲጻፍበት የሚውል ማሽን በ4.2 መቃጠል የለበትም። ቮልቴጁም ከቋሚው ወደ ተንቀሳቃሹ ተቀይሮ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ እንዲወርድ ተደርጓል፤ በጭነት 1.24 መሆኑን እንደገና አይቻለሁ፤ ሌሊቱን የሚያድረውን ፈተናም ደግሜዋለሁ።

በባዮስ ውስጥ ሁለት ቅንብር ተቀምጧል። አንደኛው 42፣ ማራገቢያው በ1,200 ዙር። ሁለተኛው 45፣ ማራገቢያው በሙሉ ኃይሉ፤ የአክስቴ ልጅ ጨክኖ ከጠየቀኝ። ሰኞ ይወስደዋል። ከዚያ በፊት የሣጥኑ የኋላ ማራገቢያ ይቀየራል፤ ሲዞር ይንኳኳል፤ ቦታው 120 ሚሊሜትር ስለሆነ የሚገጥመው ቤቴ አለ።